ሁለት ቤዝና አንድ በግ

የሰው ዕቃ ተውሳችሁ፣ «ከወሰድኩት አሳምሬ ልመልሰው» የሚል ቅን ሐሳብ መጥቶባችሁ ያውቃል? ካልመጣባችሁ እግዚአብሔር ይጠብቃችሁ። ከመጣባችሁ ደግሞ እስኪያልፍላችሁ ድረስ ተሸፋፍናችሁ ተኙ። እኔ አልተኛሁም። ተነሥቼ ፒንሳ ፈለግሁ።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። የማስተምረው ክፍል ውስጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልደረሰብኝ ነበር። እኔ ግን ሳሙና ስገዛ አረፋ ለምን እንደሚነሣ የማስረዳ ሰው ነኝ። ባለሱቁ ገና ከሩቅ ሲያየኝ ሳሙናውን ጠቅልሎ ይጠብቀኛል።

የትምህርት ቤታችንን የሙዚቃ ክበብ የምመራውም እኔ ነኝ። ክበቡ ከበሮ ነበረው፣ ክራር ነበረው፣ ቤዝ ጊታር ግን አልነበረውም። ለማያውቁት ልንገራቸው፤ ቤዝ ወፍራም ድምፅ የሚሰጠው ባለ አራት ክሩ ጊታር ነው። ሲኖር ማንም ልብ አይለውም፤ ሲጠፋ ግን ዘፈኑ በካልሲ አደባባይ የወጣ ሰው ይመስላል። ስለዚህ አዲስ አበባ ሄጄ ለራሴ አንድ ገዛሁ።

የገዛሁትን እንደ መጽሐፍ ዳግም እትም ቁጠሩት። ድሮ፣ አባቶቻችን ጎፈሬ በሚያበጥሩበት ዘመን፣ ፈረንጆች የሠሩት አንድ የታወቀ ሞዴል ነበር። ዛሬ ዋናው ቢገኝም ዋጋው አያስጠጋም። ስለዚህ ሌላ አገር ያለ ፋብሪካ ያንኑ ቅርጽና ያንኑ ቀለም ይዞ በርካሽ እንደገና ያወጣዋል። ዳሩ ጥቁር ነው፣ መሐሉ የእንቁላል አስኳል ይመስላል። ሻጩ «ከዋናው ጋር መንትያ ናቸው፤ እናታቸው እንኳ አትለያቸውም» አለኝ። አመንኩት። ማመኔ ባልከፋ፤ ለከተማው ሰው ሁሉ ማስረዳት ጀመርኩ እንጂ።

ማስረዳቴ እየዞረ እየዞረ ጋሽ ጌታነህ ጆሮ ደረሰ።

ጋሽ ጌታነህ ጡረተኛ ሃምሳ አለቃ ናቸው። በወጣትነታቸው በአንድ ክፍለ ጦር የሙዚቃ ጓድ ውስጥ ቤዝ መቺ ነበሩ፤ ያንን የፈረንጅ ሞዴል፣ ዋናውን፣ ዛሬም ቤታቸው አላቸው። በጥቁር የሱፍ ብርድ ልብስ፣ በባና፣ ተጠቅልሎ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። እሱን ማስወረድ የመንዝ ሰው የሚጠብቀውን የጓሳን ምድር ለሣር አጨዳ ከማስከፈት አይተናነስም፤ ዓመታት ይዘጋል፣ ይጠበቃል፣ ያለ ፈቃድ የቀረበም ወዮለት። አንዴ አንድ የሠርግ ዘፋኝ በጣቱ ጫፍ ነካ አድርጎት በር ሳይፈልግ በመስኮት ወጥቷል ይባላል። ጢማቸው ራሱ ያስፈራል። ሲቆጡ መጀመሪያ የሚቆመው እሱ ነው።

ሻይ ቤት አገኙኝ።

«መምህር» አሉኝ ብርጭቋቸውን ሳያስቀምጡ። «መንትያ ነው ያልከው ምኑ ነው?»

«መልኩ ጋሼ፣ ቅርጹ፣ ቀለሙ...»

«እንጨቱስ?»

«እንጨት እንግዲህ በፊዚክስ ስናየው...»

«ፊዚክስህን እዚያው ሰሌዳህ ላይ! ያ እንጨት የተቆረጠበት ዛፍ ዛሬ በዓለም ላይ የለም። ዘመዱም የለም። የዚያ ቤዝ ድምፅ እንጨቱ ነው!»

«መምህር ዛሬ ለፈተና ተቀመጠ!» አለ አንድ የሚኒባስ ሹፌር ከጥግ። ቤቱ ሳቀ። እኔም ለመሳቅ ሞከርኩ፤ ጥርሴ ወጣ እንጂ ሳቁ አልወጣም።

«ና ውሰደው» አሉኝ ጋሽ ጌታነህ በድንገት። ሳቁ ቀጥ አለ። «ወስደህ ካንተው ጋር አስተያየው። የወላጆች ቀን ሲደርስ እኔ የኔን፣ አንተ ያንተን ይዘን እንቆማለን። ያን ጊዜ መንትያነቱን በሕዝብ ፊት ታስረዳለህ።»

እምቢ ማለት ነበረብኝ። አፌ ግን «እሺ ጋሼ» አለ። አፌ ሁልጊዜ ከኔ ቀድሞ ነው የሚወጣው።

ቤዙን ተሸክሜ ወደ ቤቴ ስሄድ ውሻ ባየሁ ቁጥር ቆምኩ፣ ጠጠር ባየሁ ቁጥር ዞርኩ። አከራዬ እትዬ ብዙነሽ በር ላይ ተቀብለውኝ «የታመመ ሰው ነው እንዴ የተሸከምከው?» አሉኝ። አረማመዴ እንደዚያ ነበር።

ክፍሌ ገብቼ ሁለቱን አልጋ ላይ ጎን ለጎን አጋደምኳቸው። ከትምህርት ቤት ሚዛን አምጥቻለሁና መዘንኳቸው፤ የእሳቸው ይከብዳል። የእሳቸው ቀለም እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቋል፣ የኔው እንደ መስተዋት ያብለጨልጫል። የእሳቸው አንገት በእጅ ብዛት እንደ እርፍ ለስልሷል፣ የኔው ጠርዙ ጣት ይቧጭራል። የእሳቸው ጭስና ቅቤ ይሸታል፣ የኔው ሙጫ። እስከዚህ ድረስ የዕድሜ ጉዳይ ነው ብዬ ማስረዳት እችል ነበር። ከዚያ መታኋቸው።

የኔው «ዥንንን» አለ። የብረት ድስት ክዳን ላይ ማንኪያ የወደቀ ይመስላል። የእሳቸው «ድም» አለ። ያ ብቻ ነው፤ ትልቅ ሰው አንድ ቃል ተናግሮ ዝም እንዳለ። ደረቴ ውስጥ ነው የሰማሁት። ደግሜ መታሁት፤ እትዬ ብዙነሽ ከጓዳ «ማነው በሩን የሚያንኳኳ?» አሉ።

ተሸነፍኩ። በሐቅ ተሸነፍኩ። «በቃ እንጨቱ ነው፤ በሕዝብ ፊት አምናለሁ» አልኩ። ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ እንዴት ባማረ! ግን አስተዳደጌ አልፈቀደም። እናቴ የጎረቤት ሰፌድ ተውሳ ባዶውን መልሳ አታውቅም፤ ጥቂት ቆሎ፣ ከጠፋም አንድ ራስ ሽንኩርት ጣል ታደርግበታለች። የተዋሱትን ድስት ደግሞ ከወሰዱት አጥርቶ አጥቦ መመለስ እኛ ዘንድ ያልተጻፈ ሕግ ነው። ቤዝ ላይ ቆሎ አይደረግም። ታዲያ ምን ይደረግበት?

አየሁት። ክሮቹ እንደ ምጣድ ጀርባ ጠቁረዋል፣ አንዳንድ ቦታ ዝገዋል። እኔ ደግሞ ከቤዜ ጋር የገዛኋቸው መለዋወጫ አዲስ ክሮች አሉኝ። ደስታዬን አትጠይቁኝ። አሮጌዎቹን በፒንሳ እየፈታሁ ደፉ ላይ ወረወርኳቸው፣ አንገቱን በጨርቅ ወለወልኩ፣ አዲሶቹን አሰርኩ፣ ቃኘሁ። አበራ! «ጋሼ ሲያዩት ያለቅሳሉ» አልኩ ለራሴ። ከዚያ መታሁት።

«ዥንንን።»

እንደገና መታሁት። «ዥንንን።» የኔውን መታሁ። «ዥንንን።» ሻጩ እውነቱን ነበር፤ አሁን በእርግጥ መንትያ ሆነዋል።

ላብ አጠመቀኝ። በመንዝ ብርድ ቤት ውስጥ ላብ! ሕዝብ ፊት ቆመው፣ ጢማቸውን አስተካክለው፣ የመጀመሪያዋን ሲመቱ ታየኝ። መስኮቱን ለካሁት። ትከሻዬን አያሳልፍም።

አየር ልውሰድ ብዬ ወጣሁ። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ ስታጠፍ ማንን ባገኝ ጥሩ ነው? ጋሽ ጌታነህን፣ ከነከዘራቸው!

«ምነው ፊትህ አመድ መሰለ?»

«ብርዱ ነው ጋሼ።»

«አዎ፣ ዛሬስ ጨክኗል። አስተያየኸው?»

«አስ... አስተያየሁት።»

«እንጨቱን ዳብሰው፣ ቀለሙን እየው። አልከለክልህም፤ መምህር ነህ፣ ዕወቅ።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ክሮቹን ብቻ አደራ።»

«ክሮቹ... ምን ሆኑ?»

«ተፈራ ነው ያሰረልኝ። ከበሮ መቺያችን ነበር። ወንድሜ በለው። ክሮቹን ከአስመራ አምጥቶ በገዛ እጁ አሰረልኝና በማግስቱ ወደ ግንባር ሄደ። ‹እስክመለስ እንዳትፈታቸው፤ ስመጣ በነሱ ነው የምታጅበኝ› አለኝ።» ጭጋጉን አዩ። «አልመጣም። እኔም አልፈታኋቸውም።»

ምን ብዬ እንደተለየኋቸው አላውቅም። ሮጬ ቤት ስገባ ደፉ ባዶ ነው።

«እትዬ! እዚህ የነበሩት ሽቦዎች የት ገቡ?»

«የጣልካቸው?» አሉ እትዬ ብዙነሽ በኩራት። «ምን የመሰለ ሽቦ ይጥላል! ሁለቱን ምስማር ላይ ሰቅዬልሃለሁ። በአንዱ ያንን የሚያላዝን የግቢ በር አሰርኩበት።»

«አራተኛውስ? ወፍራሙስ?»

«እሱማ ጠንካራ ነው፣ የበጉን ቃጭል አንጠለጠልኩበት።»

«በጉ የት አለ?»

«ወንድሜ ገበያ ወሰደው። ዛሬ ገበያ አይደል እንዴ?»

የበጉን መልክ እንኳ አልጠየቅሁም። የበግ ተራው ውስጥ ገብቼ አንገት አንገታቸውን እየዳሰስኩ መሄድ ጀመርኩ። አንድ ሰውዬ አዘነልኝና «ወንድም፣ በግ የሚዳሰሰው ወገቡ ነው፤ አንገቱ ምን ያደርግልሃል?» አለኝ። ወደ ቀጣዩ አንገት አለፍኩ። በመጨረሻ ቃጭሉን ሰማሁ። ዞር ስል፣ የተፈራ ወፍራም ክር በአንድ ቀንዳም በግ አንገት ላይ! በጉ ተሸጧል። የገዙት አንዲት ረጅም ወይዘሮ ገመዱን ጨብጠው ቆመዋል።

«እትዬ፣ እባክዎን» አልኩ እያለከለክሁ፣ «በጉን አልፈልግም፤ ከአንገቱ ላይ ያለውን ሽቦ ብቻ ይስጡኝ።»

ወይዘሮዋ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። «ምን አልክ?»

እንግዲህ አስረዳ የተባልኩ መሰለኝ። «ይህ ተራ ሽቦ አይደለም። ድምፅ አለበት። ያሰረው ሰው ሞቷል። አሁን ካልመለስኩት...»

«በስመ አብ!» ብለው አማተቡ። «መተት ነው! እናንተ ሰዎች፣ በበጌ አንገት መተት ታስሯል!»

የበግ ተራው ሁሉ ዞረብኝ። «እኔኮ ገና ሲዳብስ ነው የጠረጠርኩት» አለ ያ ያዘነልኝ ሰውዬ። ባስረዳሁ ቁጥር ዱላ የያዙት ሰዎች ተጠጉ። ንዝረት የምትለዋን ቃል ሳነሣ አንዷ ሴት ልጇን አቅፋ ሸሸች። ሰላም የሰፈነው በጉን ከነአንገቱ፣ ከነቃጭሉ፣ ከነመተቱ ልግዛ ስል ብቻ ነው። ደመወዜ እዚያው በግ ተራ ተሰናበተኝ።

ቤት ስደርስ ፍርሃቴ ሌላ መልክ ያዘ። ክሮቹን ወደ ጋሼ ቤዝ ልመልስ ብል እጄ እምቢ አለ፤ ያንን እንጨት ዳግም ለመንካት ድፍረት አጣሁ። እንዳይጠፉብኝ ብዬ ግን ሦስቱን በኔው ርካሽ ቤዝ ላይ አሰርኳቸው። የበሩ ክር ጎብጧል። አራተኛው ገና በጉ ላይ ነው፤ አላስጠጋኝም። ቃኘሁና አንዱን ነካ አደረግሁ።

«ድም።»

እትዬ ብዙነሽ «ማነው የሚያንኳኳ?» አሉ።

ክፍሌ ውስጥ ብቻዬን ፊዚክሱ በራልኝ። አሮጌ ክር ላብ ጠጥቶ፣ አቧራ ለብሶ፣ መጮሁን ይተዋል፤ የሚቀርለት ወፍራሙ ድምፅ ብቻ ነው። ዛፉ ምንም አላደረገም። ትልቅ ግኝት ነው። ግን ማነው ለጋሽ ጌታነህ የሚነግራቸው? ዕድሜ ልካቸውን የማሉበት እንጨት ዝም ብሎ እንጨት ነው ልበላቸው? የወንድማቸውን ክሮች መፍታቴ አንሶ?

«ድንጋይ ተሸክመህ ሂድ» አሉኝ እትዬ ብዙነሽ፣ ነገሩን ሁሉ ስነግራቸው። በሽቦዎቹ ምክንያት እሳቸውም ፈርተዋል። «አንገቱ ላይ ድንጋይ ያለበትን ሰው ማንም አይመታም። በግም አለህ። ከዚህ በላይ ምን እርቅ አለ?»

ትክክል መሰለኝ። ሰው ሲበድል ድንጋይ ተሸክሞ እበዳዩ... ይቅርታ፣ እተበዳዩ ደጅ ይወድቃል፤ ተበዳዩ «ይቅር ብያለሁ» ሲል ድንጋዩ ይወርዳል። ፍርሃት ቃላት ሲያምታታብኝ አያችሁ? እንዲህ ሆኜ ነው የወጣሁት። ድንጋዩ ትከሻዬ ላይ፣ የጋሼ ቤዝ በባናው ተጠቅልሎ ጀርባዬ ላይ፣ የበጉ ገመድ ቀበቶዬ ላይ። እትዬ ብዙነሽ የኔውን ቤዝ ታቅፈው ከኋላ።

አንድ ነገር ዘንግተናል። በአገራችን ድንጋይና በግ አንድ ላይ የሚወጡት ደም ሲፈስ ነው።

የመጀመሪያው ሰው ባርኔጣውን አውልቆ ተከተለን። ከዚያ ሌሎች ተከተሉ። ከኋላዬ ሹክሹክታ ይሰማኛል።

«ማንን ነው የገደለው?»

«መምህሩ? ዝንብ እሽ የማይለው?»

«እንዲህ ዓይነቱን ነው መፍራት። ጀርባው ላይ የጠቀለለውን አላየህም?»

«ሟቹን ተሸክሞ ነው የሚሄደው?!»

ዞሬ እንዳላስረዳ ድንጋዩ አንገቴን ይዞኛል። የደብራችን ቄስ መስቀላቸውን አውጥተው ከፊት ቆሙልኝ፤ «አይዞህ ልጄ፣ እግዚአብሔር መሐሪ ነው» አሉኝ። ጋሽ ጌታነህ በር ስንደርስ ከተማው ግማሹ ከኋላዬ ነበር።

በሩ ተከፈተ። ጋሽ ጌታነህ ድንጋዩን አዩ፣ በጉን አዩ፣ ሕዝቡን አዩ። ፊታቸው ገረጣ።

«ማንን ነው?» አሉ በቀጭን ድምፅ። «ልጄን ነው? ከደብረ ብርሃን ዛሬ ትመጣለች... መኪናው ነው?»

እሳቸውም እንደሚፈሩ ያኔ ነው ያወቅሁት።

«ማንንም አይደለም ጋሼ! ክሮቹን ነው! የተፈራን ክሮች ፈታኋቸው! ላሳምር ብዬ!» ብዬ ጮህኩ።

«ክር?» አለ አንዱ ከኋላ ቅር ብሎት፤ «በክር ነው እስከዚህ ያስኬደን?»

ጋሽ ጌታነህ ግን ጢማቸው ቆመ። ቤዛቸውን ከጀርባዬ አወረዱ፣ ባናውን ገለጡ፣ የሚያብለጨልጩትን ክሮች አዩ። በአውራ ጣታቸው መቱት። «ዥንንን።» ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«የተፈራዎቹስ የት አሉ?» አሉ በመጨረሻ።

እትዬ ብዙነሽ ርካሹን ቤዝ አቀበሏቸው። «አራተኛው እዚህ ነው ጌታዬ» ብለው ወደ በጉ ጠቆሙ። ጋሽ ጌታነህ ተንበረከኩ፣ በጉን በአንድ እጃቸው ያዙ፣ ክሩን ከነቃጭሉ ፈቱት። ደጃፉ ላይ ተቀምጠው በገዛ እጃቸው አሰሩት። ቀስ ብለው ነው፤ ቃጭሉን ማውጣቱንም ረሱ።

«ጋሼ» አልኩ፣ «ድንጋዩ...»

«ዝም በል። እየሰማሁ ነው።»

መቱት። «ድም።» ቃጭሉ ቀጥሎ «ቅጭል» አለ። በጉም መለሰለት። ማንም አልሳቀም። ደግመው መቱት፣ ቀጠሉ፤ አንድ የድሮ ሰልፍ የሚመስል ዜማ ወጣ፣ ቃጭሉ በየመካከሉ ከበሮ እንደሚመታ ሰው እየገባ።

«ተፈራ ነው» አሉ። እንባቸው ጢማቸው ውስጥ ገባ። «ይኼን ሁሉ ዘመን እንጨቱ ነው እያልኩ ስምል... እሱ ኖሯል።»

«ጋሼ፣ በፊዚክስ...» ብዬ ጀመርኩ።

«ድንጋይ ተሸክመህም ታስረዳለህ?» አሉ። ያኔ ሕዝቡ ሳቀ። «ይቅር ብያለሁ፤ አውርድ።» ቄሱ ባረኩን። በጉን እንረድ ሲባል የሰኔ ጾም መሆኑ ትዝ አለን፤ ስለዚህ በጉ ዛሬም ጋሽ ጌታነህ ግቢ አለ፤ ከሁላችንም በላይ የተጠቀመው እሱ ነው።

በወላጆች ቀን ጋሽ ጌታነህ የኔን ርካሽ ቤዝ ይዘው ቆሙ። የመጀመሪያዋን ሲመቱ ያ የሚኒባስ ሹፌር ጎረቤቱን በክርኑ ጎሸም አድርጎ «ሰማህ? እንጨቱ እኮ ነው!» አለው። ጋሼ ወደኔ አዩ። ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ ምንም አላስረዳሁም።

ዋናው ግን እኔ ጋ ነው። «ተፈራን ዳግም አላስፈታውም፤ ባለበት ይቀመጥ። ያንን ውሰድና አንተ ላብህን አፍስስበት። ሳታስረዳለት ‹ድም› ሲል አምጣልኝ» ብለውኛል። ክሮቹ መቼ እንደሚያረጁ አላውቅም። በየቀኑ እመታዋለሁ፤ በየቀኑ «ዥንንን» ይለኛል፤ ሰፈር ውስጥ ከዘራ በሰማሁ ቁጥር አልጋ ሥር እደብቀዋለሁ። አንድ ቀን እጄን ሳልታጠብ መምታት እንደሚረዳ ደረስኩበት፤ ከዚያ ወዲህ እትዬ ብዙነሽ ሽሮውን በማንኪያ ነው የሚሰጡኝ።

እናንተም ሞክሩት። አንድ አሮጌ ቤዝ፣ አንድ ርካሽ አዲስ ቤዝ ፈልጉ፤ ክራርም ይሆናል። ክሮቹን አለዋውጡና ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ሰው እየመታ ያሰማችሁ፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ ለዩ። ብቻ ከመፍታታችሁ በፊት ባለቤቱ ዘንድ ሂዱና አንድ ነገር ጠይቁልኝ፦ ማን ነው ያሰረልዎት?